የቤዝ አምፕ ሊገዙ ነው? ከዋቱ በፊት ቤቱን፣ መብራቱንና መንገዱን ይመልከቱ

ሙዚቃ በቤታችን



የዚህ ወር ጥያቄያችን የመጣው ከሚዛን ተፈሪ ነው። ጠያቂያችን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በቡና ሲሆን ዘንድሮ የሸጡት ቡና ካሰቡት ትንሽ ሻል ያለ ገንዘብ አስገብቶላቸዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፤ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ይለማመዳሉ፣ አንዳንዴም ለሠርግና ለምርቃት ይጠራሉ። እስካሁን የምትጫወተው በተውሶ አምፕ ነው። ባለቤቱ በፈለገው ቀን ልምምዱ ይቀራል።

«አባቷ ከተገዛ አይቀር ትልቅ ይገዛ ይላል። ጅማ ውስጥ አንድ ያገለገለ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል አምፕ አይቷል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ እኔ ከዚህ እልካለሁ ብሏል። እሷ የምትፈልገው አዲስ አበባ ያየችውን አንድ ትንሽ ባለ 40 ዋት ነው። እኔ ስለ ዕቃው አላውቅም። የማውቀው ይህ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንደማይመጣ ነው። የቱን እንግዛ?» ይላሉ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከበበቃ እስከ ቴፒ፣ ከሸኮ እስከ ቦንጋ ባለው የቡና አገር ለሙዚቃ የሚወጣ ገንዘብ ከቆርቆሮ፣ ከትምህርትና ከሕክምና ወጪ ጋር ተሻምቶ የሚወጣ ነው። ዕቃው ከተበላሸ የሚጠግነው ሰው ምናልባት ጅማ፣ ምናልባትም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ አምፕ ሲመርጡ «ስንት ዋት ነው?» ከማለትዎ በፊት «የት ይቀመጣል? በምን መብራት ይሠራል? በምን ይጓጓዛል?» ብለው ይጠይቁ። ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

ቤዝ ለምን የራሱ አምፕ ይፈልጋል?

አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በዓመቱ ደግሞ ለዚሁ መሣሪያ የሚሆን «ቤዝማን» የተባለ አምፕ አወጣ። ለቤዝ የተለየ አምፕ የተሠራለት ያለ ምክንያት አይደለም።

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የመደበኛው ጊታር ወፍራም ክር 82 ጊዜ ነው፤ እጥፉ ማለት ነው። ድምፅ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት ይኖርበታል። የሰው ጆሮ ደግሞ ወፍራም ድምፅን እንደ መካከለኛው ድምፅ አጥርቶ አይሰማም። ቤዝ ከጊታር እኩል እንዲሰማ ጠንከር ያለ ስፒከርና ሰፋ ያለ ሣጥን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የጊታር አምፕ ካለዎት ድምፁን ዝቅ አድርገው ቤት ውስጥ ቢለማመዱበት ችግር የለውም። ከፍ ካደረጉት ግን ስፒከሩ ሊጎዳ ይችላል። የኪቦርድ አምፕ ከዚህ ይሻላል፤ ኪቦርድም ወፍራም ድምፅ ስለሚያወጣ ታስቦበት የተሠራ ነው። የቴሌቪዥኑን ወይም የቤቱን ቴፕ ስፒከር ግን ለቤዝ ባይሞክሩት ይመረጣል፤ የቤተሰቡን መዝናኛ አቃጥሎ የሚመጣ ሙዚቃ ሰላም አይሰጥም።

ቤዝ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልጉ ወላጆች ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ»ን በጥሩ ሄድፎን ያዳምጡ። ከሥር የሚመላለሰውን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ይከተሉት። ዘፈኑ ቆሞ የሚሄድበት እግር እሱ ነው። ልጅዎ የሚለማመደው ይህንን ነው፤ ጩኸት አይደለም።

በዋት ቁጥር አይታለሉ

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚነገርዎት ዋቱ ነው። ባለ 100 ዋቱ ከባለ 50 ዋቱ እጥፍ ይጮሃል ብለው ካሰቡ ግን ተሳስተዋል። ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ያህል ማለት ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማዎት ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። የስፒከሩ ስፋት፣ የሣጥኑ አሠራርና አምፑ የሚቀመጥበት ቦታ ከዋቱ ባልተናነሰ ለውጥ ያመጣሉ።

እንደ መነሻ ይህን ይያዙ።

ለመኝታ ቤት ልምምድ፦ ከ10 እስከ 30 ዋት፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር ይበቃል።

ለትንሽ ስቱዲዮና ከጓደኞች ጋር ለሚደረግ ልምምድ፦ ከ40 እስከ 100 ዋት፣ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች። ከበሮ መቺው እጁ ከባድ ከሆነ ወደ 100ው ያዘንብሉ።

ለአነስተኛ አዳራሽና ለዳስ፦ ብቻውን እንዲሰማ ከፈለጉ 200 ዋትና ከዚያ በላይ። ወይም ደግሞ ትንሹን አምፕ ይዘው ድምፁን በሠርጉ ሳውንድ ሲስተም ማውጣት ነው። ሁለተኛው መንገድ ለብዙ ቤተሰብ የሚያዋጣ ነው፤ እንመለስበታለን።

ለምሳሌ ያህል የፌንደርን «ራምብል» ተከታታይ ብንወስድ ባለ 25 ዋቱ 8 ኢንች፣ ባለ 40ው 10 ኢንች፣ ባለ 100ው 12 ኢንች ስፒከር አላቸው። ባለ 40ውም ሆነ ባለ 100ው ክብደታቸው 10 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1969 ለታላላቅ መድረኮች ያወጣው ባለ 300 ዋቱ «ኤስ ቪ ቲ» አለ፤ ከስፒከር ሣጥኑ ጋር ከ90 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ድምፁ ዝነኛ ነው። በባጃጅ ግን አይሄድም። ምሳሌዎቹን የጠቀስነው እነሱን ብቻ ይግዙ ለማለት አይደለም፤ ሮላንድ፣ ሃርትኪ፣ ፒቪ፣ ኢባኔዝና ሌሎችም ተመሳሳይ መጠን ያላቸው አምፖች ይሠራሉ።

ሦስቱ ቀዳዳዎች

አምፑን አዙረው ከጀርባውና ከላዩ ምን ምን ቀዳዳ እንዳለው ይዩ። ከዋቱ ይልቅ የልጅዎን የየቀን ልምምድ የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የመጀመሪያው የሄድፎን መሰኪያ ነው። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከዓመት እስከ ዓመት ብዙ አይርቅም። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ እንኳን ቤዝ የሰው ንግግርም አይሰማም። ከዝናቡ ጋር ተፎካክሮ ድምፅ ከመጨመር ሄድፎን ማድረግ ይሻላል። በኪራይ ግቢ ለሚኖር፣ የሚተኛ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ይህች ቀዳዳ የግቢው ሰላም ናት። ወፍራም ድምፅ በግድግዳ ያልፋል፤ ክፍሉን በእንቁላል ካርቶን ቢለጥፉትም የቤዝ ድምፅ አይቆምም።

ሁለተኛው ስልክ የሚገናኝበት መሰኪያ ነው። ዘፈኑን ከስልክ እያሰሙ ከሥሩ አብሮ ለመጫወት ይጠቅማል። በአቅራቢያ አስተማሪ ለሌለው ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በዚህ መንገድ አንድ በአንድ መከተል ይቻላል።

ሦስተኛው ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ የሚሰካበት መውጫ ነው። ሙዚቀኞች «ላይን አውት» ወይም «ዲ አይ» ይሉታል። በዚህ በኩል የቤዙ ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል። ሠርግ ላይ ሕዝቡ የሚሰማው በትልቁ ሳውንድ ሲስተም ሲሆን ትንሹ አምፕ ለተጫዋቹ ብቻ ራሱን መስሚያ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥም ለመቅዳት ይኸው መውጫ ይበቃል። 40 ዋት ያለው አምፕ ዳስ ሙሉ ሰው ማስጨፈር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መውጫ በሁሉም ትንንሽ አምፖች ላይ አይገኝም። ቀደም ብለን የጠቀስነው ባለ 25 ዋቱ የለውም፣ ባለ 40ው አለው። የዋጋው ልዩነት የሚከፈለው ለ15 ዋት ብቻ ሳይሆን ለዚህችም ቀዳዳ ጭምር ነው። ቤዝ ክራር የሚጫወቱ አንባቢዎቻችንም ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር እስካላቸው ድረስ ይህ ሁሉ ምክር ይሠራላቸዋል።

መብራት፦ ገንዘቡ የሚቃጠልበት ቦታ

አሁን ወደ አሜሪካው አጎት እንምጣ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ አምፕ ማጠጋጊያ ፊሽካ ተገጥሞለት እዚህ ሶኬት ላይ ከተሰካ ዕድለኛ ከሆኑ ፊውዙ ብቻ ይበጠሳል። ካልሆኑ ዋናው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። የፊሽካው መግባት ዕቃው ይሠራል ማለት አይደለም።

ዘመድዎ ሊልክ ካሰበ አንድ ነገር ብቻ ይለምኑት፤ የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። «100–240V» የሚል ጽሑፍ ካለ ያለ ሐሳብ ይምጣ። ከ120 ወደ 230 የሚገለበጥ ማብሪያ ካለው ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ይገልበጥ። «120V» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም ጀርባው ላይ ከተጻፈው ፍጆታ ቢያንስ በእጥፍ የሚበልጥ ይሁን። «50/60Hz» የሚል መኖሩንም ይዩ። ያ ትራንስፎርመር ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሸክም፣ ሠርግ ላይም አንድ የሚረሳ ዕቃ መሆኑን ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት።

አምፑ ባለ 220 ቢሆንም መብራታችን አንዳንዴ ዝቅ ይላል፣ ሄዶ ሲመለስም በኃይል ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ዕቃውን ይንቀሉት፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት። አቅም ከፈቀደ ስታቢላይዘር ይግዙ። ጄኔሬተር ባለበት ሠርግ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ድምፁ ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩ፤ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ አምፑን ያጥፉ።

ከገንዘብ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። የአምፑ ገመድ የመሬት መስመር አለው። አምፑ እምም እያለ ሲያስቸግር አንዳንድ ሰው ያንን የመሬት መስመር ይቆርጠዋል ወይም በፕላስተር ይሸፍነዋል። ጩኸቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ዕቃው ሲበላሽ ግን መብራቱ በጊታሩ ክር አድርጎ ወደ ተጫዋቹ እጅ ይመጣል። ማይክ በከንፈር ሲነካ ቆንጠጥ የሚያደርግ ከሆነ ወዲያውኑ ጨዋታው ይቁም። ቤትዎ ወይም የልምምድ ክፍሉ የመሬት መስመር ያለው መሆኑን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈትሽ። ዝናብ በዘነበበት ዳስ ዲቫይደሩ ሣር ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ተጫዋቹም ደረቅ ጫማ ያድርግ። ይህን ሳያሟሉ ስለ ድምፅ ጥራት ማውራት ትርፍ ነው።

መብራት አብዝቶ ለሚጠፋባቸው ደግሞ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ የልምምድ አምፖች አሉ። ሮላንድ የሠራው «ማይክሮ ኩብ ቤዝ» ለምሳሌ በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ከበሮ ካለበት ቡድን ጋር አይበቃም፤ ለግል ልምምድ ግን ይበቃል። በትንሽ ዕቃ መለማመድን የሚንቅ ካለ ኃይሉ መርጊያን ያስታውስ። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ጣቶቹም ወደ ዓለም መድረክ እስኪመለስ ድረስ ጠበቁት።

ዝናቡ፣ አቧራውና ዳንቴሉ

ቴፒ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሚዛንም ከእርጥበት አያመልጥም። አምፕ ከአፈር ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ጣውላ ወይም በርጩማ ላይ ይሁን። ቡና በተከማቸበት ክፍል አያስቀምጡት፤ የገለባው ብናኝ ማስተካከያዎቹ ውስጥ ይገባል፣ አይጥ ደግሞ የስፒከሩን ወረቀት ትወዳለች። ብዙ ቀን ሳይነካ ከሚቀመጥ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ቢበራ ውስጡ ይደርቃል።

ለእናቶች ደግሞ አንድ ልመና አለን። ዕቃ በዳንቴል መሸፈን የቤታችን ወግ ነው፤ አምፕ በሚሠራበት ሰዓት ግን ጀርባውና ላዩ መተንፈስ አለበት። ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ይሸፈን።

ሲጓጓዝ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ላስቲኩ ግን እንደደረሰ ይፈታ። በዝናብ የረጠበ አምፕ ሳይደርቅ አይሰካም፤ አንድ ሠርግ መቅረት አምፕ ከማጣት ይሻላል። ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቱዩቦች ያሉት ዓይነት አምፕ ድምፁ ቢያምርም ከባድ ነው፣ በመንገድ መንገጫገጭ ይጎዳል፣ ቱዩቡም በቀላሉ አይገኝም። ለእኛ መንገድ ያለ ቱዩብ የሚሠራው ይመረጣል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይፈትሹ?

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ አምፕ ተሰምቶ እንጂ ታይቶ አይገዛም። የልጅዎን ቤዝና ጃክ ይዘው ይሂዱ፤ የሱቁ ቤዝ ከእርስዎ የተሻለ ከሆነ ሁሉም አምፕ ጥሩ ይመስላል።

የጀርባውን ቮልት ያንብቡ።

ወፍራሙን ክር ባዶውን እየመቱ ድምፁን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። የሚንኮሻኮሽ፣ የሚቀደድ ወይም የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ማስተካከያዎቹን አንድ በአንድ ያዙሩ። ትንሽ ቢንጫጫ በማጽጃ ሊድን ይችላል፤ ድምፁ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ግን ይተዉት።

ጃኩን በመሰኪያው ውስጥ በቀስታ ያነቃንቁት፤ መቆራረጥ የለበትም።

ሄድፎኑን፣ የስልክ መሰኪያውንና ወደ ሚክሰር የሚወጣውን ሁሉንም ይሞክሩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ። የሚቃጠል ነገር ሽታ ካለ፣ ድምፁ ከቀነሰ ወይም ራሱን ካጠፋ ለሌላ ገዢ ይተዉለት።

በመጨረሻም በአንድ እጅዎ ያንሡት። ልጅዎ ከቤት እስከ ባጃጅ ብቻዋን ማድረስ ካልቻለች አምፑ የእሷ አይደለም፤ የሚሸከምላት ሰው ንብረት ነው።

ለጠያቂያችን የምንመክረው

እንግዲህ ሦስቱን አማራጮች እናወዳድር።

የጅማው ትልቁ አምፕ ጉልበት አለው። ነገር ግን በጠባቧ የልምምድ ክፍል ድምፁን ከሩብ በላይ ማድረግ አይቻልም፤ ለያንዳንዱ ሠርግ ጭነት መኪናና ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል፤ ጉልበቱም ሠርጉ ሳውንድ ሲስተም ካለው አያስፈልግም። ስለዚህ ይቅር።

የአሜሪካው አምፕ ከ«100–240V» ዓይነት መሆኑ በፎቶ ከተረጋገጠና ክብደቱ ቀላል ከሆነ ስጦታውን በደስታ ይቀበሉ። ካልሆነ አጎት በሌላ ይርዱ። ጥሩ ሄድፎን፣ ሁለት ሙሉ የቤዝ ክርና ጠንካራ ጃክ በአንድ ሰው ሻንጣ ይመጣል፤ ቮልትም አይጠይቅም።

የልጅዎ ምርጫ፣ ባለ 40 ዋቱ፣ ወደ ሚክሰር የሚወጣ መሰኪያ ካለው ትክክለኛ ምርጫ ነው። መሰኪያው ከሌለው ግን ያለው እስኪገኝ ይታገሡ። ቡድኑ ውስጥ ሙሉ ከበሮ ካለና ገንዘቡ ከደረሰ ደግሞ የዚያኑ ዓይነት ባለ 100 ዋት ይዩ፤ ክብደቱ ብዙም አይለይም። ገንዘቡን ሁሉ ግን አምፑ ላይ አይጨርሱት። ለስታቢላይዘር፣ ለጃክና የመሬት መስመሩን ለሚፈትሽ ባለሙያ የሚሆነውን መጀመሪያ ይቀንሱ፣ የቀረው ለአምፑ ይሁን።

አባትም «ትልቅ ይገዛ» ያሉት ልጃቸው እንዳታንስ ብለው መሆኑ ይገባናል። ግን ሙዚቀኛን የሚያስከብረው የሣጥኑ ስፋት ሳይሆን ዕቃው የራሱ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው፣ ቤዙን መላኬ ገብሬ የያዘለት ዋሊያስ ባንድ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ በራሱ መሣሪያ መሥራቱ ነው። የራሱ መሣሪያ ያለው ሙዚቀኛ የት እንደሚጫወትና በምን ዋጋ እንደሚጫወት ራሱ ይነጋገራል። በተውሶ የሚጫወት ግን ባለ ዕቃው የፈቀደለትን ቀን ይጠብቃል። አንዲት የቡና አገር ልጅ ቅዳሜ ጠዋት የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ አሥር ኪሎ አንሥታ ወደ ልምምድ ስትሄድ ያ ትንሽ ዕቃ አይደለም።

አምፑ ቤት ከገባ በኋላ

ከመሰካትዎ በፊት ድምፁን ዜሮ ላይ ያድርጉ። ቤዝ፣ ሚድልና ትሪብል የሚሉትን ሦስቱንም መሃል ላይ አቁመው ይጀምሩ። ብዙ ጀማሪ ቤዝ የሚለውን እስከ ጥግ ያዞረዋል፤ ብቻውን ሲጫወት ያምራል፣ ከቡድኑ ጋር ሲሆን ግን ድምፁ ጭቃ ሆኖ ይጠፋል። በቡድን መሃል አልሰማ ካለ ድምፁን ከመጨመር በፊት ሚድሉን ትንሽ ከፍ ያድርጉት። አምፑን ወደ ግድግዳ ጥግ ባስጠጉት ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ ከበዛብዎት ወደ ክፍሉ መሃል ያምጡት። ወንበር ላይ ከፍ አድርገው ፊቱን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ቢያዞሩት ደግሞ በዝቅተኛ ድምፅም በደንብ ይሰማል።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር እንበል። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ድምፅን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትስሙ ይላሉ። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በጠባብ ክፍል ከበሮና አምፕ ሲገናኙ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። ከልምምድ በኋላ ጆሮ የሚጮህ ከሆነ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። አምፕ ይተካል፤ ጆሮ አይተካም።

በሚቀጥለው ወር የቤዝና የጊታር ክር በእርጥብ አየር ቶሎ እንዳይዝግ ምን ማድረግ እንደሚገባ እናወጋለን። ጥያቄ ካለዎት ይጻፉልን፤ በተለይ የልምምድ ክፍልዎን ስፋትና ቡድንዎ ምን ምን መሣሪያ እንዳለው ከነገሩን መልሳችን የበለጠ ይጠቅምዎታል።

እስከዚያው ቡናችሁ ዋጋ ያውጣ፣ ቤታችሁ በሙዚቃ ይሙቅ። ሰላም ይሁኑ!